የኢዮሌ ቁልፍና የቱሊዮ መሐላ

ቱሊዮ ለጉዞ ሲወጣ ከእጁ የማይለዩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ የመኪናው መሪና ደብተሩ። ከሁለቱ አንዱን ልቀቅ ቢባል መሪውን ነው የሚለቀው። ደብተሩ ላይ በመንገድ የበላው ሁሉ ይመዘገባል፣ ከጎኑም ከአስር ስንት እንዳገኘ ይጻፋል። ሚስቱ ኦርኔላ ጡረታ ብትወጣም የሒሳብ አስተማሪነቷ ከደሟ አልወጣምና፣ ሐሙስ ዕለት እሱ ጥርሱን ሲፍቅ ደብተሩን አገላብጣ ደመረችው። በአራት ቀን ውስጥ ሃያ ሦስት ሳህን ውጤት ተሰጥቶታል። ያዩት አንድ ቤተ መንግሥት፣ ሁለት ካቴድራልና አንድ ባሕር ግን አንዲት ነጥብ አላገኙም።

"ባሕሩን ምነው ዘለልከው?" አለችው።

"አልዘለልኩትም፤ ዓሣው ውስጥ ተጠቃሏል።"

ከቦሎኛ የወጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ቱሊዮ አርባ ዓመት ሙሉ መሬት ሲቀይስ የኖረ ሰው ስለሆነ የዕረፍቱን ካርታ ያዘጋጀው እሱ ነበር፤ ምግብ ቤት በቀይ ነጥብ፣ የሚጎበኝ ነገር በሰማያዊ። ሰማያዊ ነጥብ ካርታው ላይ የመውጣት ዕድል የሚያገኘው ከአንዱ ቀይ ወደ ሌላው ቀይ በሚወስደው መንገድ ላይ ከተገኘ ብቻ ነው። ኡርቢኖ ላይ ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚጎርፈውን ቤተ መንግሥት የገቡትም ምግብ ቤቱ እስኪከፈት ሃምሳ ደቂቃ ስለተረፋቸው ነው። በዚያች ሃምሳ ደቂቃ ደግሞ ቱሊዮ ወደ ዘበኛው ጠጋ ብሎ፣ "ለመሆኑ እርስዎ ምሳዎን የት ነው የሚበሉት?" ሲል ጠየቀ። ዘበኛው መጀመሪያ ኮስተር አለ። ከዚያ ወንበሩን ትቶ ተነሳ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ጣቱን ቀስሮ መንገዱን ያሳይ ጀመር። ከኋላቸው አንድ ጎብኚ የአምስት መቶ ዓመት በር በጥፍሩ ሲፍቅ ከኦርኔላ በቀር ያየው የለም።

ኦርኔላ ይህን ሁሉ የቻለችው ለአንዲት ሰማያዊ ነጥብ ስትል ነው። ዓርብ ቀን፣ ሞንቴፊኮ መንደር፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን።

አባቷ ኤቶሬ በሕይወት ሳለ እርጥበት የበላውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚጠግን ባለሙያ ነበር። ባለፈው የካቲት፣ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጧት አንድ ኃጢአት ተናዘዘላት። የዛሬ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞንቴፊኮ ውስጥ የቃና ዘገሊላን ሰርግ ሲጠግን፣ ከሰርገኞቹ በላይ ከሚያንዣብቡት መላእክት የአንዱ ፊት ጨርሶ ረግፎ አገኘው። የሙያው ደንብ "ባዶውን ተወው" ይላል። እሱ ግን የአራት ዓመት ልጁን ፊት ሰጠው።

"ለማንም አልተናገርኩም፤ ለቄሱም" አላት። "ሄደሽ እዪው። ሁልጊዜ እወስድሻለሁ እያልኩ…" የቀረውን ሳል ወሰደው።

ሚያዝያ ላይ ለመንደሩ ቄስ ደወለች። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ የምሥራችም ነበራቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ሊታደስ ነው። መስከረም ውስጥ፣ ቀኑ የታወቀ ዓርብ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ሠራተኞች ቁልፉን ይረከቡና ለሦስት ዓመት ይዘጋል። ሥዕሉም በመጀመሪያው ሳምንት "ኋላ የተጨመረው ሁሉ ተፍቆ" ወደ ጥንቱ ይመለሳል።

ኋላ የተጨመረችው እሷ ነበረች።

በዚያው ሳምንት ልትሄድ ሻንጣዋን አውጥታ ነበር። "ሁለት ጉዞ ምን ያደርጋል?" አለ ቱሊዮ። "በዕረፍታችን ውስጥ እናስገባዋለን።" አስገባውም። እነሆ የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ፤ ኦርኔላም ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆመች።

"ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ መሆን እንችላለን" አለችው።

"እንችላለን። አስኮሊን ግን ዝም ብለን አናልፋትም።"

"አስኮሊ ምን አለ?"

"የወይራ ፍሬ ነዋ! ዘሩ ወጥቶ፣ ሥጋ ተሞልቶ፣ ተጠብሶ።"

"በጠዋት የተጠበሰ ወይራ?"

"ምንጩ ላይ ሆኖ ሰዓት የሚያይ ሰው ከምንጩ አልጠጣም።" ይህን የሚለው የራሱ ጥቅስ እንደሆነ እያወቀ ነው።

ወይራውን ከአንድ ሱቅ ገዝቶ በላ። ስምንት ሰጠው። ከዚያ መንገዱን ሲሻገር ሌላ ሱቅ አየ። ለማነጻጸር ተብሎ እዚያም ተገባ። ሁለተኛው ሰባት ተኩል ሲያገኝ የመጀመሪያው ላይ አበዛሁበት ይሆን የሚል ጸጸት ያዘውና ተመለሰ። "አንድ ደቂቃ ብቻ" አላት። ኦርኔላ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ የአንድ ደቂቃን ርዝመት በሰዓቷ ለካችው፤ ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ሆነ። በእጁ ደግሞ የእሷ ስልክ ነበር፤ ፎቶ የሚያነሳው በእሱ ነው፤ "ያንቺ ቀለሙን ይይዛል" ስለሚል።

ሞንቴፊኮ ሲደርሱ የቀትሩ ደወል ተደውሎ አልቋል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከርችሟል። በሩ ላይ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ "ቁልፍ ሲኞራ ኢዮሌ ዘንድ፣ ቁጥር ዘጠኝ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል።"

"አየሽ?" አለ ቱሊዮ። "ሃያ ደቂቃ ተርፎናል። አይተሽ ትወጫለሽ፤ በሰባት ሰዓት እንጉዳዩ ዘንድ እንደርሳለን።" እንጉዳዩ ማለት ከመሬት ሥር በውሻ የሚፈለገው ነው፤ ጠረጴዛው ከሚያዝያ ጀምሮ ተይዟል። ኦርኔላ ቄሱን በደወለችበት ሳምንት መሆኑ ነው።

ቁጥር ዘጠኝን ሲያንኳኩ በሩን የከፈተችው ሰማንያ ሦስት ዓመቷን እንደ ሹመት ደረቷ ላይ የተሸከመች አጭር ሴት ናት። ሽርጥ ታጥቃለች። ከኋላዋ የመጣው ሽታ ግን ከእሷ ቀድሞ ደጅ ወጣ፤ የቱሊዮ አፍንጫ ሳያዘው ወደ ላይ ተነሳ።

"ሲኞራ፣ ቁልፉን ፈልገን ነበር" አለች ኦርኔላ።

"በዚህ ሰዓት?"

"ወረቀቱ እስከ ስድስት ተኩል ይላል።"

"ወረቀቱን የጻፉት ቄሱ ናቸው። ቄሱ የእኔን ምድጃ አያውቁም።" ሲኞራ ኢዮሌ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "አሁን ነው ከእሳት የወጣው። ትቼው ብሄድ ስመለስ ጡብ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ። ግቡ፣ ብሉ፣ ከዚያ እከፍትላችኋለሁ። ለአስራ ሁለት ሰው ነው የሠራሁት።"

"እንግዳ አለብዎት?"

"የለብኝም። ታዲያ ለስንት ሰው ይሠራል?"

ኦርኔላ ለዚያ ቁልፍ ሚስማር ብዪ ቢሏት የምትበላ ነበረች። ባሏን ዞር ብላ አየችው። ባሏም ሰዓቱን አየ።

"እንጉዳዩ…" አለ በሹክሹክታ።

"ደውለህ ሰርዝ።"

"ኦርኔ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ እኮ ነው!"

"ሰርዝ፣ ቱሊዮ።"

ደጅ ወጥቶ ሰረዘ። የሰው ሞት የሚያረዳ ይመስል ባርኔጣውን አውልቆ ነበር የተናገረው።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ከምድጃው በላይ ባለ ሚስማር ላይ የክንድ እኩሌታ የሚያህል የብረት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ኦርኔላ ቁልፉን እያየች ተቀመጠች። ሲኞራ ኢዮሌ ትሪውን መሐል ጠረጴዛ አስቀምጣ የሸፈነችበትን ፎጣ ገለጠችው። ቱሊዮ መነጽሩን አደረገ። ጎንበስ አለ። አሸተተ። ቀና አለ።

"ላዛኛ ነው" አለ።

የሲኞራ ኢዮሌ እጅ ከነቢላው አየር ላይ ቀረ።

"ምን አልክ?"

"ላዛኛ።"

"ቪንቺስግራሲ ነው።" የሞተ ልጇን ስም የምትጠራ ያህል ረጋ ብላ ነበር ያለችው።

"አዎ፣ አዎ፣ እዚህ እንደዚያ ትሉታላችሁ። ሊጥ በሊጥ ላይ፣ መሐሉ የሥጋ ስጎ፣ ነጭ ስጎ፣ አይብ። ላዛኛ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ሲኞራ፣ መልኩም አያስጠላም፤ ግን አልበላም።"

አሮጊቷ ወደ ኦርኔላ ዞረች። "ሐኪም ነው የከለከለው?"

"አይ" አለች ኦርኔላ፤ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። "ማኅበር ነው።"

ማኅበሩ ቦሎኛ ውስጥ የሚገኝ "የእውነተኛ ስጎ ወንድማማቾች" የሚባል ነው። አስራ ስምንት ወንዶች ናቸው፤ ከስድሳ በታች የሆነ የለባቸውም፤ ከአስራ ስምንቱ ምጣድ የሚያጥብ የለም። በዓመት አንድ ጊዜ ቀይ ካባ ደርበው፣ ደረታቸው ላይ የሹካ ሜዳልያ አንጠልጥለው በአደባባይ ይሰለፋሉ። ቱሊዮ ምክትል ሊቀ መንበር ነው። ሲሾም ደግሞ እጁን የሊጥ መዳመጫ ላይ ጭኖ፣ "ከሬኖ ወንዝና ከኮረብቶቻችን ውጭ የተጋገረ ላዛኛ በሕይወቴ አልቀምስም" ብሎ ምሏል። ኦርኔላ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነበረች። ካባውን የተኮሰችው እሷ ናት።

ቱሊዮ ይህን ሁሉ ለሲኞራ ኢዮሌ አስረዳት፤ በዝርዝር፤ ካባውን ሳይቀር። ስታዳምጥ ቆየች። ሲጨርስ ተነሳች፣ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደች፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና ተመልሳ ተቀመጠች።

"ማዕዴን የተጸየፈ ሰው ቤተ ክርስቲያኔን አያይም።"

"ሲኞራ፣ እኔ እኮ እበላለሁ!" አለች ኦርኔላ። "ትሪውን በሙሉ እበላለሁ!"

"አንቺ ትበያለሽ ልጄ። ግን በአንድ መኪና መጣችሁ፣ በአንድ መኪና ትሄዳላችሁ። አንዱ እየበላ ሌላው ከዳር ሆኖ የሚፈርድበት ቤት አይደለም።"

ኦርኔላ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ መተላለፊያው አወጣችው። ግድግዳው ላይ የሲኞራ ኢዮሌ ሟች ባል ፎቶ ነበር፤ እሱም ፈገግ ብሎ ይሰማል።

"ቱሊዮ፣ በአባቴ አጥንት…"

"አውቃለሁ ኦርኔ። ግን መሐላ ነው። እጄን መዳመጫ ላይ ጭኜ ነው የማልኩት።"

"እኔን ስታገባኝስ እጅህን ምን ላይ ነበር የጫንከው?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ሌላ ነው! በጤናም በሕመምም፣ በማግኘትም በማጣትም አልክ። በላዛኛ ጊዜ ግን እተውሻለሁ አላልክም፤ ብትልማ ኖሮ ያን ቀን በመጣሁበት ታክሲ እመለስ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ስጎ ስትሰብከኝ ሰማሁ። ጫጉላ ሽርሽራችን ላይ ቬኒስን ያየሁት በምግብ ቤት መስኮት ነው። አንዲት ፊት እንድታሳየኝ ጠየቅኩህ። አንዲት! እሷንም ነገ ይፍቋታል።"

ቱሊዮ ሲያስብ እንደ ሁልጊዜው ከንፈሩን መጠጠ፤ ሁለት ጎረቤት በአንድ አጥር የተጣሉበት ቦታ ሲሄድ የሚያደርገው ነገር ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቱሊዮ ሞኝ አልነበረም፣ ወረቀት ግን ነበር።

"ላዛኛ ካልሆነ ግን…" አለ ቀስ ብሎ። "ወሰኑ የት ላይ ነው? ጥያቄው እሱ ነው።"

ተመልሶ ገባ። ተቀመጠ። ደብተሩን ከፈተ፤ እርሳሱን በምራቁ አረጠበ።

"ሲኞራ ኢዮሌ፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ቢፈቅዱልኝ። ሥጋው በማሽን ነው የተፈጨው?"

"ማሽን? ማሽን ያለው ሥጋ ቤት ነው። እኔ ያለኝ ቢላ ነው።"

"በቢላ… ተከትፎ…" ጻፈ። "ከሥጋው ጋር ሌላ የገባ አለ?"

"የዶሮ ጉበት። ሆድ ዕቃውም።"

ቱሊዮ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ግን የተስፋ ጭላንጭል ነበረበት። "ሊጡ አረንጓዴ ነው?"

"አረንጓዴ?! ምነው፣ ሻገተ እንዴ?"

"እኛ ዘንድ ቆስጣ ይገባበታል።"

"እናንተ ዘንድ እግዜር ይሁናችሁ። እኔ ሊጡ ላይ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ጠብ አደርጋለሁ፤ እናቴም እንደዚያው።"

"ወይን… ጠጅ… ስንት ንብርብር ነው?"

"አስር። እናቴ አስራ ሁለት ትሠራ ነበር፤ እኔ ሰነፍ ነኝ።"

"የኛ ደንብ ከሰባት አያልፍም" አለ ቱሊዮ፤ ድምፁ ውስጥ ድል ነበረበት። "እንግዲህ ሲኞራ፣ ይህ በፊቴ ያለው ነገር ላዛኛ አይደለም ብለው ሊመሰክሩልኝ ይችላሉ?"

"አንተ ሰውዬ!" ሲኞራ ኢዮሌ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "ከገባህ ጀምሮ ምን እያልኩህ ነው?"

"በጽሑፍ?"

ኦርኔላ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ሲኞራ ኢዮሌ ግን ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች፣ በትልልቅ ፊደል፣ "ይህ ላዛኛ አይደለም። ሆኖም አያውቅም" ብላ ጻፈች፤ ስሟንም አኖረች። ከዚያ ለሦስቱም ቆረሰች። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ቱሊዮ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሰ። ማላመጡን አቆመ። ሹካውን አስቀመጠ። ኦርኔላ ያንን ፊት ከዚህ በፊት ያየችው አንድ ጊዜ ነው፤ ሴት ልጃቸው የተወለደች ዕለት። ያኔም ቢሆን ይህን ያህል አልቆየም።

"ኦርኔ" አለ በስተመጨረሻ። "ኦርኔ።"

"ጥሩ። ብላ። እንሂድ።"

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ኦርኔላ አልበላም የሚለውን ባሏን እንዴት እንደምታሸንፍ ስታስብ፣ የሚበላው ባሏ ከዚያኛው የባሰ መሆኑ ከሐሳቧ ወጥቶ ነበር። ቱሊዮ ሁለተኛ አስቆረሰ። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥቶ ከላይ አነሳው፣ ከጎን አነሳው፣ ንብርብሩ እንዲታይ ብሎ በጥርስ መጎርጎሪያ ደግፎ አነሳው። ሦስተኛ አስቆረሰ። ሲኞራ ኢዮሌ ከአንድ ሰዓት በፊት ልታባርረው የነበረውን ሰው አሁን "ልጄ" ትለው ጀመር።

"ነጩ ስጎ ውስጥ ያለው ቅመም ገውዝ ነው፣ አይደል?" ይላል እሱ።

"ገውዝ ነው። ግን መች ነው የሚገባው? እስቲ ገምት።"

"ከወተቱ ጋር።"

"አላወቅክም!"

"ካወረዱት በኋላ?"

"ማን ነገረህ?!"

"ሲኞራ" አለች ኦርኔላ፣ "ቁልፉን ብቻ ቢሰጡኝ፣ እኔ ብቻዬን…"

"ገና ጥንቸል አለ ልጄ። ሆድ ሳይጠግብ ዓይን ምን ያያል? ቤተ ክርስቲያን እግር የለው፣ የት ይሄድብሻል?"

"በዘጠኝ ሰዓት ይሄድብኛል!"

"ቱሊዮ" አለች ቀጥላ። "ስምንት ሰዓት ሆነ።"

"አንድ ደቂቃ።"

ጥንቸሉ መጣ። ከአጥንቱ ጋር ውይይት ተያዘ። የስምንት ሰዓት ተኩሉ ደወል ሲሰማ ሲኞራ ኢዮሌ፣ "ወበቀኝ" ብላ ሽርጧን አውልቃ በሩ ጀርባ ሰቅላ፣ የእናቷን አሠራር ከመጀመሪያው ታስጽፈው ጀምራ ነበር። ቱሊዮ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ይጽፋል። "ቆይ፣ ቆይ፣ ቀስ ይበሉ፣ ጉበቱ ከሥጋው በፊት ነው በኋላ?"

ኦርኔላ ተነሳች። ወደ በሩ ሄደች። የሽርጡ ኪስ ውስጥ እጇን ከታ ቁልፉን አወጣች፤ ስልኳንም ከባሏ ክንድ ሥር መንጭቃ ወሰደች። ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ሲሰርቅ ስትይዝ ለኖረች ሴት ልቧ ብዙም አልመታም። ማንም ቀና አላለም።

"በፊት ነው" ሲባል ሰማች በሩን ስትዘጋው። "ሁልጊዜ በፊት!"

ቁልፉ በሁለት እጅ ነው የዞረው። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የሰም፣ የአይጥና የአሮጌ እንጨት ሽታ አለው። ወንበሮቹ ለእድሳቱ ተነስተዋል። በግራው ግድግዳ ላይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ሰርጉ ተዘርግቷል።

መላእክቱ ሰባት ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም ሰባት መቶ ዓመት ያልተሸረፈ ትዕግሥት ያላቸው፣ ለስላሳ፣ ዓይናቸው ወደ ሰማይ የዞረ። ከመሐላቸው በአንዱ ውስጥ ራሷን ለማግኘት ደከመች። አባቷ ቃዥቶ ይሆን እንዴ? ያኔ ሰባተኛውን አየችው፤ ጥግ ላይ፣ ከውሃ ጋኖቹ በላይ።

ሰባተኛው ግንባሩ ተኮማትሯል። ከንፈሩን ጥሏል። አንደኛው ጆሮው፣ ኦርኔላ ዕድሜዋን ሙሉ በጸጉሯ ስትሸፍነው የኖረችው የግራ ጆሮ፣ ከላባው መሐል ወጥቶ ቆሟል። ሰማዩንም አያይም። ወደ ታች ነው የሚያየው፤ ከማዕዱ ጫፍ ጽዋውን አፍንጫው ሥር ደቅኖ፣ ተአምሩን ሊጠጣው ነው ወይስ ውጤት ሊሰጠው ያልወሰነ የሚመስለውን መላጣ እንግዳ። እንግዳውን አባቷ አልሣለውም፤ ከጥንትም የነበረ ነው።

ትዝ አላት። ረጅም ወንበር ነበር፤ እግሯ መሬት አይደርስም። እናቷ ከጓሮ ለምሳ ትጣራለች። አባቷ ከእርሳሱ በላይ በአንድ ዓይኑ እያያት፣ "አንድ ደቂቃ፣ ኦርኔሊና" ይላል። ከዚያ ደግሞ፣ "አንድ ደቂቃ።" ከዚያም ደግሞ። ፈገግ ስትል ሊሥላት ይችል ነበር። የሣላት ግን ያየውን ነው።

ስልኳን አወጣችና አነጣጠረች። ስልኩ፣ "ቦታ ሞልቷል" አለ።

እንደገና ሞከረች። ሞልቷል። ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ፎቶ። ከፈተችው፤ ወይራ። ወይራ። ወይራ ከሁለተኛው ሱቅ። ያው ወይራ ሲቆረስ። የሰኞው የዓሣ ሾርባ ከአራት አቅጣጫ። ደጅ የከባድ መኪና ሞተር ሲጠፋና የብረት ዘንግ ሲንኳኳ ሰማች፤ ጊዜ አልነበራትም፤ ለአንድ ፎቶ አንድ ወይራ ማጥፋት ይበቃ ነበር። እሷ ግን ሾርባውን አጠፋች። ዓሣውን አጠፋች። ወይራውን በየሱቁ አጠፋች። ጣቷ ሞቀ። ሳላሚ ቋሊማውን፣ ቀንድ አውጣውን፣ የማክሰኞን አይብ ከነቢላው አጠፋች። ሠላሳ አራት ዓመት ተናግራ ያላገኘችውን ዕረፍት በዚያች ሦስት ደቂቃ አገኘች። ቪንቺስግራሲው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ በጥርስ መጎርጎሪያ የተደገፈው። እሱን ተወችው።

ሰባተኛውን መልአክ አስራ አንድ ጊዜ አነሳችው።

"ቁልፉን ነው የምንፈልገው" ይላል ከደጅ የማታውቀው ወፍራም ድምፅ። "ተከፍቷል እኮ! ልጆች፣ ብረቱን አስገቡ።"

"አንድ ደቂቃ" የሚለው ግን የምታውቀው ነው። "አንድ ደቂቃ ጌታዬ። አነጋገርዎ የናፖሊ ነው?"

"የናፖሊ ነው። ምነው?"

"ስጎ ላይ ሥጋውን ሳትቆርጡ ሙሉውን ነው የምትከቱት የሚባለው እውነት ነው?"

ብረት ሲቀመጥ ተሰማ።

"ታዲያ ምን ልናደርገው ነው?" አለ ወፍራሙ ድምፅ። "እንደ እናንተ ለጥርስ የለሽ ይመስል እንፍጨው?"

"ስንት ሰዓት ይፈላል?"

"ስድስት። የእናቴ ስምንት።"

"ስምንት! ሲኞራ ኢዮሌ፣ ሰሙ?"

"ሰማሁ" አለች ሲኞራ ኢዮሌ። "ይህ ስጎ አይደለም፤ ይህ በቀል ነው። ቁልፌን የወሰደችው ሴትዮስ የታለች?"

ደጅ ጩኸት ሆነ። አንዱ ሠራተኛ የባሪ ከተማ ሰው ኖሮ እሱም የራሱን ይዞ ገባ። ኦርኔላ ድንጋዩ ወለል ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለአምድ ሰጥታ፣ ቀና ብላ፣ አየችው። መላእክቱን ያህል ትዕግሥት ባይኖራትም ሃያ አምስት ደቂቃ አየችው። ቱሊዮ ያንን ጠብ ያስነሳው ለእሷ ብሎ ይሁን ለስጎው ብሎ እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም፤ መልሱን መስማት ስለማትፈልግ።

ኋላ እሱም ገባ። ናፕኪኑ ከአንገቱ አልወለቀም። አጠገቧ ቆሞ ጣቷን ተከትሎ ወደ ጥጉ ቀና አለ። መነጽሩን አደረገ። ብዙ ጊዜ አየ፤ ኡርቢኖ ላይ ቤተ መንግሥቱን ሙሉ ካየው ይበልጣል።

"ይኸውልሽ!" አለ በመጨረሻ፣ ከነገር ነጻ እንደወጣ ሰው። "ይህ ኩርፊያ ከኔ በፊት ነበረብሽ! ሠላሳ አራት ዓመት እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ እያልሽ!"

ኦርኔላ ዞር ብላ አየችው።

"እሱን ነው የምለው፤ ልክ እሱን" አለ ቱሊዮ፣ ከእሷ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ እሷ እያየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኤቶሬ ግን… እጅ ነበረው ሰውየው።" ደብተሩን አወጣ። ቪንቺስግራሲ ከሚለው ሥር አንድ መስመር አሰመረና እርሳሱን ይዞ ቆመ። ምን ያህል እንደሰጠ አላሳያትም።

"ፎቶው ወጣልሽ?"

"ወጣልኝ።"

"ወይራዎቹ እኮ አሉ ውስጡ፤ እንዳትነካኪ።"

ኦርኔላ ስልኳን ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ ላይ የናፖሊው አለቃ ብቅ አለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ እጁ ላይ ይዞታል፤ ፊቱ ከክርክሩ ቀልቷል። ከኋላው ሲኞራ ኢዮሌ ለሠራተኞቹ የተረፈውን ትሪ ይዛ ቆማለች።

"ሲኞራ፣ ይቅርታ" አለ። "መሸብን። ጨረሱ?"

ኦርኔላ ከወለሉ አልተነሳችም። ዓይኗንም ከጥጉ አላነሳችም።

"አንድ ደቂቃ" አለችው።